ሙቀጫ ላይ የተቀመጠው ባል

ዶና ሌኦካዲያ አልሰጥም ያለችው ባርኔጣ ነበር። ጥቁር፣ ክፈፈ ሰፊ፣ ዝናብ ያጎሳቆለው፣ በአንድ ወገኑ ብል የቀመሰው የሴኞር ቫለንቲም ባርኔጣ። በፖርቱጋል ንጉሥ ስም የሚፈርደው ካፒቴን ቤልሺዮር በቁጣ ጠየቃት፤ አልሰጠችም። በዘዴ ጠየቃት፤ አልሰጠችም። መነኩሴው አባ ሴራፊም ለመኗት፤ አልሰጠችም። ባርኔጣው ከእጇ የወጣ ዕለት ባሏ እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ ባሏ እንደ ሞተ የተቆጠረ ዕለት መሬቷ ኛማቴቴ ለካፒቴኑ ያልፋል፤ መሬቱ ለካፒቴኑ ያለፈ ዕለት ደግሞ ገበሬዎቹ አንገት ለአንገት ታስረው በወንዙ ቁልቁል ወደ ባሕር ይጋዛሉ። ይህን ያህል ነገር በአንድ አሮጌ ባርኔጣ ላይ እንዴት ሊንጠለጠል እንደቻለ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ሕጉን ማወቅ ይገባዋል። ሕጉ ከባርኔጣው ይልቅ ያስቃልና።

የፖርቱጋል ንጉሥ በዛምቤዚ ሸለቆ መሬት የሚሰጠው ለሴት ነበር። ይህን ያደረገው ሴትን አክብሮ አይደለም። ከባሕር ማዶ የሚመጡት ወንዶች ገና ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ንዳድ ይጥላቸዋል፤ ሴቶቹ ግን አገሩን ለምደውት ይኖራሉ። እንግዲህ መሬት የፈለገ ወንድ ባለመሬቲቱን ያገባል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ሸለቆውም ትውልድ በትውልድ እየነጣ ይሄዳል ተብሎ ታሰበ። ስጦታው ለሦስት ሴቶች ዕድሜ ነው፤ ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ንጉሡ ይመለሳል። ግዴታውም ሁለት ነው፤ ሴቲቱ ነጭ ትሁን፣ ባሏም በዚያው በፖርቱጋል ምድር የተወለደ ይሁን። ሐሳቡ በሊዝበን ቤተ መንግሥት ሲነበብ እንከን አልነበረበትም። በሴና ከተማ ሲነበብ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነጭ ሴት።

የጎደለውን ጸሐፊዎቹ ሞሉት። የዶና ሌኦካዲያ አያት ከሕንድ አገር ከጎዋ የመጣ ልብስ ሰፊ ከአንዲት የሴና ሴት የወለዳት ነበረች። በትከሻ በሚሸከሙት የጨርቅ አልጋ ሆና ወደ ሹሙ ቤት በመጣች ጊዜ ጸሐፊው ቀና ብሎ ፊቷን ከማየት ይልቅ ዝቅ ብሎ ጫማዋን አየና ነጭ ብሎ ጻፈ። እናቲቱም በዚያው ጫማ ነጭ ሆነች። ሦስተኛይቱና የመጨረሻይቱ ሌኦካዲያ እንደ ሮቃ ፍሬ የጠቆረች፣ ዓይኗ የማይደነግጥ ሴት ነበረች፤ እሷም ጫማ ነበራትና ነጭ ነበረች። የወንዙ ዳር ሰዎች በዚህ አልተደነቁም። እነሱ ዘንድ ባርኔጣና ጫማ ያደረገ ሁሉ ሙዙንጉ፣ ማለትም ነጭ ጌታ፣ ይባላል፤ ቆዳው የከሰልም ይሁን የወተት፣ ግድ የላቸውም። ባርኔጣውን በቴምር ጠጅ የለወጠ አንድ የሊዝበን መርከበኛ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ዓሣ ሲያጥብ ኖሮ ዓሣ ሲያጥብ ሞቷል፤ ሙዙንጉ ብሎ የጠራው የለም።

ሌኦካዲያ ለአቅመ ሔዋን በደረሰችበት ዓመት ዝናቡ በዛ፣ ንዳዱም ከፋ። በሴና ያሉት የባሕር ማዶ ወንዶች ከፊሎቹ ተቀበሩ፣ የቀሩትም በየአልጋቸው ላይ ይቃዡ ጀመር። ሙሽራ የተገኘው በሩቅ፣ በሞዛምቢክ ደሴት ነበር፤ የጦር ዕቃ ቤት ጠባቂ የሆነ የሊዝበን ተወላጅ፣ ሴኞር ቫለንቲም። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ጋብቻው በውክልና እንዲፈጸም ተስማማ፤ እንደ ወጉም የራሱን ባርኔጣ ምልክት አድርጎ በጀልባ ላከ። ወኪል ሆኖ በመቅደሱ ፊት የሚቆም ወንድ ግን ጠፋ። የሙሽራዪቱ የአጎት ልጅ ጢሙን አበጥሮ ወደ ፊት ቢል አባ ሴራፊም በእጃቸው መለሱት።

«ነጭን የሚወክል ነጭ ነው፤ አለዚያ ነገ ጋብቻው ይፈርሳል» አሉ።

«እኔስ ምንድን ነኝ፣ አባ?»

«ልጄ፣ አንተ ነጭ የምትሆነው ጫማ በምታደርግበት በእሑድ ብቻ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

አባ ሴራፊም ራሳቸው የጎዋ ተወላጅ፣ ከሙሽራዪቱም የማይቀሉ ሰው ነበሩ፤ የአገሩን ሂሳብ ግን ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። በመጨረሻ ሕጉ ራሱ መውጫውን አሳያቸው። ባርኔጣው በሊዝበን ተሠርቷል፤ የማንም የጎዋም የሴናም ደም የለበትም፤ ከነበሩት ሁሉ ጥርጥር የሌለበት እሱ ብቻ ነው። የሰው ቁመት የሚያህል የእህል ሙቀጫ ከጓሮ አስመጡ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፈኑት፣ ባርኔጣውን አናቱ ላይ ደፉበት፤ ሌኦካዲያም ከአጠገቡ ቆመች። ከኋላ ከቆሙት ሴቶች አንዷ፣ «ሙቀጫስ በየቤታችን አለ፤ ዘነዘናው የታለ?» ብትል ቤተ ክርስቲያኑ ለጥቂት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ረሳ።

አባ ሴራፊም ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው፣ «ሴኞር ቫለንቲም ሆይ፣ ዶና ሌኦካዲያን ሚስት አድርገህ ትቀበላለህን?» ሲሉ ጠየቁ።

ባርኔጣው ዝም አለ።

«ዝምታ እሺታ ነው» አሉና ባረኳቸው።

እውነተኛው ሴኞር ቫለንቲም ወደ ሚስቱ ሲመጣ ወንዙ ከባሕር ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ጀልባው ተገለበጠ። ሬሳው አልተገኘም፤ ሲሰጥም አየሁት ብሎ የሚመሰክርም አልተገኘም፤ ስለዚህ በሕግ አልሞተም። ዶና ሌኦካዲያ ባለትዳር ሆና ቀረች። ባል በርስቱ ላይ ይኑር የሚል ትእዛዝ በመጣ ጊዜም አልተጨነቀችም፤ ሙቀጫውን ከነባርኔጣው በገበታው ራስ አኖረችው፣ በትይዩውም ሳህን አስቀመጠች። እያደር ነገሩ የቤቱ ወግ ሆነ። የማሽላው እሸት ሲደርስ የገበሬዎቹ አለቃ ሽማግሌው ቻፓንጋ በባርኔጣው ፊት ተንበርክኮ እንደ አገሩ ሰላምታ መዳፉን አጎድጉዶ ቀስ ብሎ ያጨበጭባል፤ የዝናቡን ነገር ይነግረዋል፤ ጉማሬዎቹ ያፈረሱትን አጥር ይከሳል። መርማሪዎች ሲመጡ ባርኔጣውን አይተው፣ ገንፎና ደረቅ ዓሣ በልተው፣ ባልየው በቤቱ አለ ብለው ይመለሳሉ። እሷም ለብቻዋ ስትሆን ስታወጋው የሰሟት አሉ። ፊቱን አይታው የማታውቀው ባል ነውና የባርኔጣውን አቧራ ስታራግፍለት የምታደርገውን ጥንቃቄ ያየ ሰው፣ ቀልዱ የት ላይ እንዳበቃ ሊለይ አይችልም ነበር።

እሷን ጻድቅ አድርጎ መሣል አይገባም። ገበሬዎቹ ነጻ ሰዎች ቢሆኑም የአልጋዋ ተሸካሚዎችና የጓዳዋ ሴቶች ከአያቷ የወረሰቻቸው ባሮች ነበሩ፤ አልሸጠቻቸውም፣ ነጻም አላወጣቻቸውም። አንድ ቀን ባርኔጣውን በዘይት ስታሽ ቻፓንጋ አያትና፣ «እመቤቴ፣ ከንብረትዎ ሁሉ የተመቸው እሱ ነው። ሸክም አይሸከም፣ ዘይት ይቀባል» አላት።

«ምቀኛ ሽማግሌ» አለችው። «አንተ ባሪያ አይደለህ፤ ምን አገባህ?»

«ዛሬ አይደለሁም። ካፒቴን ቤልሺዮር በላይኛው አገር ያገባት ባለመሬት ስትሞት፣ የመሬቷ ገበሬዎችም ማታ ሲተኙ ባሪያ አልነበሩም፤ ጧት ሲነሡ ነበሩ።»

እጇ ዘይቱ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ባርኔጣውን በቀልድ አላሸችውም።

ካፒቴኑ ወደ ኛማቴቴም የመጣው በበጋ ነበር። ከሴና አባ ሴራፊምን ምስክር አድርጎ በጀልባ ወረደ፤ ወታደር አላስከተለም፤ ከአንዲት ሴትና ከአንድ ሙቀጫ ጋር ለመከራከር ወታደር ያስፈልገኛል ብሎ አላሰበም። ከመሬቱ ጥግ ሲደርሱ ጉማሬ ከጀልባው ሥር ብቅ ብሎ በአፍንጫው እፍ አለባቸው፤ ጀልባው ተናጋ፤ የካፒቴኑም ባርኔጣ ከነላባው ወንዙ ላይ ወርዶ ተንሳፈፈ። ቀዛፊዎቹን ግቡና አምጡ ቢላቸው፣ በአሸዋው ላይ የተጋደሙትን አዞዎች እያዩ፣ «ጌታው፣ እሱ መንገዱን ያውቃል» አሉት።

ቻፓንጋና ሽማግሌዎቹ እንግዳ ሊቀበሉ በወንዙ ዳር ቆመው ነበር። ካፒቴኑ ሲወርድ አልፈው ወደ ጀልባው ተመለከቱ።

«ሙዙንጉው የታለ?» ሲል ቻፓንጋ ቀዛፊዎቹን ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አለ ካፒቴኑ።

ቻፓንጋ ከላይ እስከ ታች አየው። «ይቅርታ፤ ቀዛፊ መስለኸኝ ነው። ጫማስ አድርገሃል። ግን ግማሽ ነው።»

«ምኑ ነው ግማሽ?»

«ሙዙንጉነትህ። ከታች አለ፣ ከላይ የለም።»

«ቆዳዬ አይታይህም፣ አንተ ሽማግሌ?»

«ይታየኛል እንጂ። ቀልቷል። ጥላ ብትፈልግ ይሻልሃል።»

የጨርቁን አልጋ የያዙት ተሸካሚዎችም ከተቀመጡበት አልተነሡም። ለሙዙንጉ የተዘጋጀ ነው፣ ሲመጣ ይጠይቀናል አሉ። ካፒቴን ቤልሺዮር በጋለው አሸዋ ላይ በእግሩ ሄደ፤ አባ ሴራፊም ግን አሮጌ ባርኔጣቸው በራሳቸው ላይ ነበርና አልጋው ላይ ጋደም ብለው ከጎኑ ተጓዙ።

ዶና ሌኦካዲያ በአዳራሿ ተቀምጣ ጠበቀችው። ባርኔጣው በሙቀጫው ላይ፣ ሙቀጫው በገበታው ራስ ነበረ። ገበሬዎቹ ከነሚስቶቻቸው ደጃፉን ሞልተው ቆሙ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ካፒቴን» አለችው። «ባሌንም ሰላም ይበሉት፤ ሲያልፉት ይከፋዋል።»

«ሰላም የምለው ሰው አላይም። የመጣሁት በንጉሡ ስም አንድ ቃል ልናገር ነው። ባልሽ ሞቷል። መበለት ነሽ። መበለት ደግሞ የፖርቱጋል ተወላጅ ካላገባች መሬቱን ትለቃለች። በዚህ ሸለቆ ሚስት የሌለኝ የፖርቱጋል ተወላጅ እኔ ነኝ። ለነገሩ ነጭ ነሽ መባልሽም ቢመረመር የሚያዋጣሽ አይመስለኝም፤ ብታገቢኝ ግን ማንም አይመረምረውም።»

ፊቷን ወደ መነኩሴው መለሰች። «አባ፣ ተፈረደ ማለት ነው?»

አባ ሴራፊም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያ ጋብቻ ቢፈርስ ሙቀጫ ያጋቡ ቄስ ተብለው የሚጠየቁት እሳቸው ነበሩ። «አልተፈረደም፣ ልጄ። በንጉሥ ስም የሚፈርድ ራሱን ሸፍኖ ነው። ራሱን ገልጦ የሚናገር ይለምናል እንጂ አይፈርድም።»

«እንግዲያው ለመነኝ» አለችና ወደ ካፒቴኑ ዞረች። «እግዜር ይስጥዎት።»

ከደጃፉ ሳቅ ተሰማ። ካፒቴኑ መሃረቡን አውጥቶ ራሱ ላይ ጣል አደረገ።

«መሃረብ የሐዘንተኛ ሴት ነው» አሉ አባ ሴራፊም። «መበለቲቱ እርስዎ ይመስላሉ።»

ቻፓንጋ ከገበሬዎቹ የአንዱን የሰሌን ቆብ ተቀብሎ በሁለት እጁ አቀረበለት። ካፒቴኑ በክርኑ ገፋው። የሰሌን ቆብ አድርጎ የሚፈርድ፣ ፍርዱ ከማሳ ጥበቃ አያልፍለትም። የአባ ሴራፊም ባርኔጣም የመነኩሴ ነው፤ እሱን ደፍቶ የሚፈርድ በቤተ ክርስቲያን ስም እንጂ በንጉሥ ስም አይፈርድም። ከዚያ ዓይኑ ወደ ገበታው ራስ ሄደ።

«ያን ስጪኝ።»

«የባሌ ነው።»

«አውሺኝ፤ ቃሉን ተናግሬ እመልሳለሁ።»

«ሴት የባሏን ንብረት ያለ ባሏ ፈቃድ አታውስም። ሕጉ የእናንተ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም።»

«ባልሽ ሞቷል አልኩሽ።»

«ራስዎን ሸፍነው ይበሉት፤ ያን ጊዜ እሰማዎታለሁ።»

«ለመሸፈን ባርኔጣውን ስጪኝ።»

«ባሌ ይፍቀድ።»

ነገሩ እንደ ወፍጮ ዞሮ ዞሮ ከተነሣበት ይመለሳል። መንጠቅ ይችል ነበር፤ ከጥቁር ሴት እጅ የነጠቀውን ማንም አይጠይቀውም። ነገር ግን ባርኔጣው የእሷ አይደለም፤ የሊዝበን ተወላጅ የሆነ፣ ሞቱ ያልተፈረደበት ነጭ ሰው ንብረት ነው። ከነጭ መንጠቅ ደግሞ በሰንሰለት ያስቀጣል። ካፒቴኑ ይህን እያሰበ ላቡን ጠረገ። ከዚያም የአባ ሴራፊምን የጥንት ቃል ያስታወሰ ሰው ፈገግታ ፈገግ አለ። በሴና ያንን ሠርግ ያልሰማ አልነበረም። ወደ ሙቀጫው ቀረብ ብሎ እጅ ነሣ።

«ሴኞር ቫለንቲም፣ ባርኔጣዎትን ለጥቂት ጊዜ ያውሱኛል?»

ባርኔጣው ዝም አለ።

«ዝምታ እሺታ ነው፤ አይደለም፣ አባ?» አለና እጁን ዘረጋ። ዶና ሌኦካዲያ ግን አስቀድማ መዳፏን ባርኔጣው ላይ ጭና ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል። በደጃፉ የቆሙት ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ።

አባ ሴራፊም ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ነው እንጂ፤ ዝምታ እሺታ ነው። አሁን ባርኔጣውን ደፍተው ምን ሊሉ ነው፣ ካፒቴን?»

«ባለቤቱ ሞቷል ልል።»

«አሁን ፈቃድ የጠየቁት ሰው ሞቷል ሊሉ?»

ካፒቴኑ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ።

«እኔ ምስክር ነኝ» አሉ መነኩሴው። «እርስዎ ራስዎ ያመጡኝ ምስክር። በስሙ ጠሩት፣ እጅ ነሡት፣ ለመኑት፣ ፈቀደልኝ አሉ። ሙት አይፈቅድም። ከፈቀደ ሕያው ነው፤ ካልፈቀደ ደግሞ ባርኔጣው አይነካም።»

ቻፓንጋ ተንበርክኮ መዳፉን አጎድጉዶ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ከኋላው ያሉት ተቀበሉት። «ሰላምታውስ ደርሷል» አለ ቻፓንጋ። «ዘግይቶ ነው እንጂ።»

ካፒቴን ቤልሺዮር አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ከውጭ ፀሐዩ አሸዋውን ያነደው ነበር፤ ወደ ሴና የሚወስደው መንገድም በወንዙ ሽቅብ ነው፤ በባዶ ራሱ የሄደ እንግዳ በዚያ ወር ለወሬ ነጋሪነት አይተርፍም። ሲናገር ድምፁ ተለውጦ ነበር።

«ፍርዱ ይቅር» አላት። «ከሴና እስክደርስ ራሴን የምሸፍንበት ብቻ ስጪኝ። በመስቀሉ እምልልሻለሁ፤ ዳግመኛ ወደ ኛማቴቴ አልመጣም። ባትሰጪኝስ ምን ታተርፊያለሽ? ከባርኔጣ ልጅ አይወለድም። አንቺ ስትሞቺ ሦስተኛይቱ አለቀች፤ መሬቱ ወደ ንጉሡ ይመለሳል። ለጥቂት ዓመት ብለሽ ነው ይህን ሁሉ የምትለፊው?»

አባ ሴራፊም ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ። «ስጪው፣ ልጄ። መሐላው ጥሩ መሐላ ነው። ደግሞም ባርኔጣ ነው።»

ቻፓንጋ ማጨብጨቡን አቁሞ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። በላይኛው አገር የነበሩ ገበሬዎችም አንድ ጊዜ የዚህን ሰው መሐላ ተቀብለው እንደነበር ያውቃል። ዶና ሌኦካዲያ በመጀመሪያ ሽማግሌውን አየችው። ቀጥሎም በደጃፉ የታጨቁትን አየች። መዳፏን ከባርኔጣው ሳታነሣ እንዲህ አለች፦

«ካፒቴን፣ አያቴን ነጭ ናት ብላችሁ መሬት ሰጣችኋት፤ እኔን ጥቁር ነሽ ብላችሁ ልትነጥቁኝ መጣችሁ፤ እሷና እኔ ደግሞ አንድ መልክ ነን። ሴት ነሽና መሬቱ ያንቺ ነው አላችሁኝ፤ ሴት ነሽና የባርኔጣ ክር እንኳ ያንቺ አይደለም አላችሁኝ። ለሁለቱም እሺ አልኩ። ከሙቀጫ ጋር አጋባችሁኝ፤ ለእሱም እሺ አልኩ። ከእንግዲህ እሺ የምልበት አፍ አልተረፈኝም። ፀሐዩ ከከበደዎ እስኪመሽ ይቀመጡ፤ ከራብዎ ገንፎ አለ፤ የሰሌኑን ቆብ ከናቁት ራስዎ ያውቃሉ። ለጥቂት ዓመት ነው አሉኝ፤ እኔም ከጥቂት ዓመት በላይ አልኖርም። ባርኔጣው የባሌ ነው፤ ባሌ ቤቱ ተቀምጧል፤ እኔ እስካለሁ ድረስ ከዚህ ቤት አይወጣም።»